ሦስቱ ሚስቶች ምን ይዘው መጡ?

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ፊልም፣ የፊሊፒንሱ «ማኖ ፖ 2»፣ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብዬ አዘጋጆቹን ለምኜ ነው እዚህ የቆምኩት። ታሪኩን አልነግራችሁም፣ አታስቡ። የምነግራችሁ ከታሪኩ ጀርባ ያለውን ነው። እሱን ሳታውቁ ብታዩት ሦስት ሴቶች በአንድ ሬሳ ላይ ሲጣሉ ብቻ ነው የሚታያችሁ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ነው። ተበሳጭቼ ተነስቼ ልሄድ ሁሉ ደርሼ ነበር።

ያየሁት ዱባይ ሳለሁ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን፤ አራት ሐበሻ፣ ሁለት ፊሊፒኖ። ከፊሊፒኖዎቹ አንዷ በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችንም «አቴ» ነበር የምንላት። በታጋሎግ «እትዬ» እንደማለት ነው። አርብ ከሰዓት ዕረፍት ስንሆን አልጋዋ ላይ ተደርድረን በላፕቶፗ ፊልም እናያለን። የስክሪኑ አንዱ ጥግ ተሰንጥቆ ነበር። የትርጉም ጽሑፉ እዚያ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል። የተቆረጠውን እሷ ትሞላልናለች።

ያን ቀን ሟቹ ስንት ሚስት እንዳለው ሲገባን ከመሃላችን አንዷ «ወይ ጣውንት! ይኼ ሁሉ ለገንዘብ ነው» አለች። አቴ ፊልሙን አቆመችው። «ገንዘቡን ተዉት» አለችን። «እያንዳንዷ ምን ይዛ እንደመጣች እዩ።»

ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችን። አባቷ ከቻይና የመጣ ሰው ነበር። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ምስማር፣ ቀለምና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። እናቷ ሁለተኛ ሚስት ነበረች። ሱቁን በየጠዋቱ የምትከፍተው ግን እሷ ናት። ሰውየው ሲሞት አስከሬኑ ያረፈበት አዳራሽ ውስጥ የፊት ወንበሩን የመጀመሪያዋ ሚስትና ልጆቿ ያዙት። እነ አቴ ውጭ፣ ሸራ ስር ተቀመጡ። እናቷ ሌሊቱን ሙሉ አንድ እጇን ጨብጣ አደረች። ሲነጋ ስትዘረጋው የሱቁ ቁልፍ ነው። የቁልፉ ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሟል።

በታጋሎግ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ «አናክ ሳ ላባስ» ይባላል። «የውጭ ልጅ» ማለት ነው። ይህን ቃል ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛም ያው እንደዚያ ነው የምንለው። አቴ ግን ቃሉን ስትናገር እዚያ ሸራ ስር የተቀመጠችበት ወንበር እንደሚታያት ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊልም ሳይ ዓይኔ ወደ ሴቶቹ እጅ ነው የሚሄደው።

እሺ፣ ወደ ፊልሙ ልመለስ። ስሙ እንዳልኳችሁ «ማኖ ፖ 2» ነው። የወጣው በ2003 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ዳይሬክተሩ ኤሪክ ማቲ ነው። ያሠራው ሬጋል ፊልምስ የሚባለው የማኒላ ኩባንያ ነው። አንድ ሀብታም ቻይናዊ ፊሊፒኖ ነጋዴ ይገደላል፤ ሦስት ሚስቶችና የየራሳቸው ልጆች ይቀራሉ። ሰውየውን ክሪስቶፈር ደ ሊዮን ይጫወተዋል። ሚስቶቹን ሱዛን ሮሴስ፣ ዛዛ ፓዲላና ሎርና ቶለንቲኖ። ሱዛን ሮሴስን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። በ2022 አርፋለች። አገሯ ውስጥ የፊልም ንግሥት ነበር የምትባለው፤ ዝም ብላ ስትቀመጥ እንኳን ክፍሉ የሷ ነው የሚሆነው።

ስሙ ራሱ ደስ ይላል። «ማኖ» ከስፓኒሽ የመጣ ነው፣ እጅ ማለት። «ፖ» ደግሞ የአክብሮት ቃል ናት፤ ለትልቅ ሰው ሲናገሩ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጣል የሚያደርጓት። ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ «ማኖ ፖ» ብሎ የትልቁን ሰው እጅ ይዞ የራሱ ግንባር ላይ ያስነካዋል። እኛ ጉልበት እንደምንስመው ነው። ፊልሙ ውስጥ ማን የማንን እጅ እንደሚይዝና ማን እንደሚነፈግ ተከታተሉ።

ተከታታዩ የተጀመረው በ2002 ነው። የመጀመሪያውን ጆኤል ላማንጋን ነው የሠራው። ከጀርባቸው ያለችው ፕሮዲውሰር ሊሊ ሞንቴቨርዴ ናት፤ አገሩ ሁሉ «ማዘር ሊሊ» የሚላት፣ በ2024 ያረፈችው። ራሷም ቻይናዊ ፊሊፒኖ ናት። ፊልሞቹ የሚወጡት በሜትሮ ማኒላ የፊልም ፌስቲቫል ነው። ይህ ፌስቲቫል ከታኅሣሥ 25፣ ከነሱ ገና ቀን ይጀምራል። በዚያ ሰሞን ሲኒማ ቤቶች የሚያሳዩት የአገር ውስጥ ፊልም ብቻ ነው። ቤተሰብ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ በልቶ፣ አያቱን ይዞ ሲኒማ ይሄዳል። እስቲ አስቡት፣ በገና ቀን ከአባታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስለ ሦስት ሚስት ፊልም ስታዩ! ብዙ አባት በዚያ ቀን ወንበሩ ላይ ሳይቁነጠነጥ አልቀረም።

በዚያው በ2003 ፌስቲቫል ምርጥ ፊልም ተብሎ የተሸለመው ደግሞ «ክራይንግ ሌዲስ» ነበር። እሱም በቻይናዊ ፊሊፒኖ ለቅሶ ላይ የተመሠረተ ነው። ሦስት ደሃ ሴቶች በገንዘብ ተቀጥረው ያለቅሳሉ። አልቃሽ ማለት እኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለምና ይህንንም ሌላ ጊዜ ብናየው ደስ ይለኛል። በአንድ ሰሞን ሁለት ፊልም፣ ሁለቱም በአንድ ማኅበረሰብ ለቅሶ ላይ። የሚገርመው ይህ ማኅበረሰብ በጣም ትንሽ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ንግዱ ላይ ግን ትልቅ ነው። «ቺኖይ» ይሏቸዋል፤ ቻይናንና «ፒኖይ»ን ገጥመው የሠሩት ስም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሦስት ሚስት ከየት መጣ?

አብዛኞቹ ቺኖዮች የመጡት ከደቡብ ቻይና፣ ከፉጂያን ጠቅላይ ግዛት ነው። በተለይ ጂንጂያንግ ከሚባለው አካባቢ። ቋንቋቸው ሆኪየን ነው። ማኒላ ውስጥ ያለው ቢኖንዶ የተመሠረተው በ1594 ነው፤ የዓለም የመጀመሪያው የቻይናዎች ሰፈር ይሉታል። ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ከፉጂያን በመርከብ የሚሻገሩት ከሞላ ጎደል ወንዶች ብቻ ነበሩ። በ1902 አሜሪካኖች፣ ያኔ ፊሊፒንስን ይገዙ ስለነበር፣ ቻይናዎች እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕጋቸውን እዚያም አወጁት። ነጋዴ ከሆነ ሚስቱን ማምጣት ይችላል። የቀን ሠራተኛ ግን አይችልም።

ስለዚህ ምን ይሆናል? ልጁ አሥራ ምናምን ዓመት ሲሞላው አጎቱ ሱቅ ይላካል። ከጥቂት ዓመት በኋላ «ና አግባ» ተብሎ አገሩ ይጠራል። ያገባል። ጥቂት ወራት ይቆይና ይመለሳል። መምጣት ያልቻለ እንደሆነ እሱ በሌለበት ሠርጉ የሚደረግበትም ጊዜ ነበር፤ በሙሽራው ቦታ አውራ ዶሮ ይቆማል። ሙሽራይቱ ከዶሮ ጎን ቆማ፣ ላላየችው ሰው ሚስት ሆና፣ ወደ አማቷ ቤት ትገባለች። ከዚያ ሥራዋ መጠበቅ ነው። አማቷን ትጦራለች፣ የአያቶችን መታሰቢያ ታጥናለች፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ፖስታ ትጠብቃለች።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ገንዘብና ደብዳቤ። ይህ የገንዘብ ደብዳቤ በቻይንኛ «ቺያዎፒ» ይባላል። ዩኔስኮ በ2013 በዓለም የጽሑፍ ቅርስነት መዝግቦታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በየወሩ መጨረሻ ሐዋላ ቤት የተሰለፈ ሰው ካለ ነገሩ ይገባዋል። ብሩን ልከህ ሁለት መስመር ትጽፋለህ። ደህና ነኝ። እማዬን ሕክምና ውሰጂያት። የቤቱን ጣራ አስጠግኚ። የማትጽፈው ነገር አለ ደግሞ።

ሰውየው የማይጽፈው ነገር ማኒላ ውስጥ፣ ወይ ሴቡ፣ ወይ ቪጋን አንዲት ሴት እንዳለች ነው። ቋንቋውን የምታውቅ የአገሬው ሴት። ሱቁን ትጠብቃለች፣ ዱቤውን ታስታውሳለች፣ ሲታመም ታስታምመዋለች። ትወልድለታለች። ቻይናዎቹ ይህን ዓይነት ኑሮ «ባለ ሁለት ጫፍ ቤት» ይሉታል። አንዱ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ባሕር ይለየዋል። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌላዋን ስም ሳይሰሙ ዕድሜያቸው ሊያልቅ ይችላል። ሰውየው ሲሞት ግን ጫፎቹ ይገናኛሉ።

ለእያንዳንዷ የተሰጣት ስም አለ። በሆኪየን የመጀመሪያዋ «ቱዋ ቦ» ናት፣ ትልቋ ሚስት። ከሷ በኋላ የመጣችው «ሴ ኢ» ትባላለች፣ ትንሿ አክስት እንደማለት። ልጆች እንዲጠሯት የወጣ ስም ነው የሚመስለው። በታጋሎግ ደግሞ «ካቢት» የሚል ቃል አለ። የተያያዘ፣ የተንጠለጠለ ማለት ነው። በኛ «ተቀጥላ» ብንለው አይርቅም። ሦስተኛ ቃልም አለ፤ ቻይናዎቹ የአገሬውን ሰው «ሁዋና» ይሉታል። ንቀት አለበት። አስቡት፣ ባሏ ቤት ውስጥ፣ በራሷ አገር፣ የባዕድ ስም የሚወጣላት ሴት።

በ1949 ቻይና ውስጥ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ያዙ። መንገዱ ተዘጋ። ማኒላ ያለው ማኒላ፣ ፉጂያን ያለችው ፉጂያን ቀረች። በ1950 ቻይና ባወጣችው የጋብቻ ሕግ ከአንድ በላይ ሚስት ተከለከለ። ማኒላና ቤጂንግ ግንኙነት የጀመሩት በሰኔ 1975 ነው። በመሃል ሃያ ስድስት ዓመት አለ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀች ሚስት ምን ይዛ ትመጣለች? የደብዳቤ ጥቅል። በየዓመቱ የሳሳ የደብዳቤ ጥቅል።

እዚህ ጋ ሁለት እውነተኛ ክርክሮች ልንገራችሁ። ከፊልሙ በፊት የነበሩ ናቸው። እኔ እንደውም ከፊልሙ የበለጠ ነው የያዙኝ።

የመጀመሪያው የሲ ኪያ ነው። ፉጂያን ውስጥ ካለችው ከአሞይ ከተማ አካባቢ የመጣ ቻይናዊ ነው። ካቶሊክ ሆኖ ተጠመቀና ቪሴንቴ ተባለ። በ1853 ሰሜን ሉዞን ውስጥ ቪጋን ከተማ ፔትሮኒላ ኤንካርናሲዮን የምትባል የአገሬውን ልጅ በቤተ ክርስቲያን አገባ። አርባ ዓመት አብረው ኖሩ። ወለዱ፣ ነገዱ፣ ሀብታም ሆኑ። በ1894 ማኒላ ውስጥ ሳይናዘዝ ሞተ። ከዓመታት በኋላ ከቻይና ዘመዶች መጡ። «አያታችን ፔትሮኒላን ከማግባቱ በፊት፣ በ1847፣ አሞይ ውስጥ ሕጋዊ ሚስት አግብቷል። የመጀመሪያዋ የኛ አያት ናት። ንብረቱ የኛ ነው» አሉ።

ጉዳዩ በ1910 የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1913 ደግሞ ዋሽንግተን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። የአንዲት የቪጋን ሴት ትዳር ዋሽንግተን ላይ ተመዘነ! ሁለቱም ፍርድ ቤቶች ለፔትሮኒላ ወገን ፈረዱ። የዋሽንግተኑ ፍርድ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በአደባባይ የተፈጸመ፣ አርባ ዓመት የኖረ፣ ልጅ የወጣበት ትዳር ትክክለኛ ነው ተብሎ ይገመታል። እሱን ለማፍረስ የሚመጣ ሰው በጣም ግልጽና ጠንካራ ማስረጃ ማምጣት አለበት። ከቻይና የመጡት ምስክሮች ቃል ያን ያህል አልጠነከረም።

ቪጋን ውስጥ የሲኪያዎች ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኤልፒዲዮ ኪሪኖ ያገባውም ከዚህ ቤተሰብ ነው። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ አሞይ ይሄዳል። በ1847 ስለተባለው ሠርግ። ተደርጎ ከሆነ፣ ያቺ ሴት ማን ነበረች? ፍርድ ቤቱ ማስረጃው አልጠነከረም አለ። አልነበረችም ማለት ግን አይደለም። ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኝ ያውቃል።

ሁለተኛው በ1922 የተፈረደ ነው። ቾንግ ቡ የሚባል ቻይናዊ በ1919 ዛምቦአንጋ ውስጥ ሞተ። አንድ መቶ ሺህ ፔሶ የሚጠጋ ንብረት ተወ፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። በአንድ በኩል አዶንግ የምትባል ሙስሊም ሴት ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር ቆመች። «በ1896 ባሲላን ደሴት ላይ በሃይማኖታችን ሥርዓት አግብቶኛል» አለች። በሌላ በኩል አንድ ወጣት ቆመ። «እኔ በ1895 ቻይና ውስጥ ካገባት ሚስቱ የተወለድኩ ሕጋዊ ልጁ ነኝ» አለ። ፍርድ ቤቱ የቻይናው ጋብቻ አልተረጋገጠም አለ። የአዶንግ ጋብቻ ግን በኢማም ፊት የታሰረ ቢሆንም ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ካቶሊክ በሆነ አገር፣ በቅኝ ገዢ ችሎት፣ የአንዲት ሙስሊም ሴት ኒካሕ ተከበረ። ለደቡብ ፊሊፒንስ ሙስሊሞች የዚህ ፍርድ ትርጉም ከአንድ ቤተሰብ ውርስ በጣም ያልፋል።

ሁለቱንም ፍርዶች ጎን ለጎን ስታነቡ አንድ ነገር ይታያችኋል። ችሎቱ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው ወረቀት ብቻ አይደለም። የተኖረ ኑሮም ይመዘናል። ጎረቤት ማንን ነው ሚስት ብሎ የሚያውቀው? ልጆቹ በማን ስም ተጠመቁ? ማን አብሮት አደረ? ቁልፉ ያለበት እጅ ትንሽ ተስፋ የነበረው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሕግ ጠበቅ ያለ ነው። ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም የዛሬው ፊልም ሰዎች የሚኖሩት በዚህ ሕግ ውስጥ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከሙስሊሞች በቀር ፍቺ የለም። ሚስትህን ብትጠላት፣ ሃያ ዓመት ተለያይታችሁ ብትኖሩ፣ ሚስትህ እሷው ናት። ሁለተኛ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ብትኖር ሚስት መሆን አትችልም፤ የመጀመሪያዋ ካልሞተች ወይም ጋብቻው ከመነሻው እንዳልነበረ በፍርድ ቤት ካልተባለ። ሰዎች «ሊጋል ዋይፍ» የሚለውን እንግሊዝኛ በታጋሎግ መሃል ሲጠሩት ትሰማላችሁ። እንደ ማዕረግ ነው የሚጠሩት። አቴም ስትጠራው ድምጿ ይቀየር ነበር።

አድልዎም አለበት። በወንጀል ሕጋቸው ሚስት አንድ ጊዜ ከሌላ ወንድ ጋር ከተኛች ወንጀለኛ ናት። ባል ግን ወንጀለኛ የሚሆነው ሴትየዋን ሚስቱ ያለችበት ቤት ካስገባት፣ በአደባባይ ቅሌት ካደረገው፣ ወይም ሌላ ቦታ አብሯት ከኖረ ነው። ተደብቆ የሚሄድ ባል ያመልጣል ማለት ነው።

ውርሱን በቁጥር ልየው። ሰውየው 16 ሚሊዮን ፔሶ ትቶ ሞተ እንበል። ሁሉም በትዳሩ ዘመን የተገኘ ነው፤ ኑዛዜ የለም። ሕጋዊት ሚስቱ ሁለት ልጅ አላት። ሁለተኛዋ አንድ፣ ሦስተኛዋ አንድ። መጀመሪያ ግማሹ፣ 8 ሚሊዮኑ፣ ለሕጋዊት ሚስት ይነሳል። የጋራ ሀብቷ ነውና ውርስም አይባልም። የቀረው 8 ሚሊዮን ይከፈላል። ሕጋዊት ሚስት 2፣ ሁለቱ ልጆቿ ሁለት ሁለት። ከውጭ የተወለዱት ሁለቱ ልጆች አንድ አንድ፤ የሕጋዊው ልጅ ግማሽ ነው ድርሻቸው። እሱም አባታቸው እንደተቀበላቸው የሚያሳይ ወረቀት ካለ ነው። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ሚስት? ዜሮ።

«ሱቁን እኮ እኔ ነኝ ያቆምኩት» ብትልስ? ሕጉ አድምጦ ይጠይቃታል፦ ስንት አዋጣሽ? በምን ታሳዪኛለሽ? ሃያ ዓመት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ መዝጊያ የከፈተች ሴት ለዚያ ደረሰኝ አልያዘችም። ማን ለባሏ ሥራ ደረሰኝ ይይዛል? አረጋግጣ ብታሳይም የሰውየው ድርሻ ወደ ሕጋዊው ትዳር ተመልሶ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ግን ይኼ ነው። በ1954 ፊሊፒንስ የችርቻሮ ንግድን ለዜጎቿ ብቻ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ያኔ አብዛኛው ቻይናዊ ዜግነት አልነበረውም። ማግኘቱ ረጅምና ውድ ነበር። ሱቅ የነበረው እስኪሞት ወይም እስኪተው ድረስ ይቀጥላል፤ ልጁ ግን የውጭ ዜጋ ከሆነ ሊቀጥል አይችልም። ሰዉ ምን አደረገ? ሱቁን በአገሬዋ ሴት ስም አዞረ። ሌላም ነገር ነበር። ፊሊፒኗ የውጭ ዜጋ ስታገባ ዜግነቷን ልታጣ ትችል ነበር። ሳይጋቡ ከወለዱ ግን ልጁ የእናቱን ዜግነት ይይዛል። ስለዚህ ብዙዎች ሆን ብለው ጋብቻቸውን ሳያስመዘግቡ ቀሩ። ሌላ ሚስት የሌለው ሰው እንኳን! ልጆቹ ሱቅ መክፈት እንዲችሉ፣ መሬት መግዛት እንዲችሉ ሲባል «የውጭ ልጅ» ተብለው ተመዘገቡ።

እናት ልጇን ለመጥቀም ስሟን መሥዋዕት አደረገች። አባት ሲሞት ያው ምዝገባ ወጥቶ ልጁ ላይ ተነበበ። ግማሽ ድርሻ። በ1975 የፊሊፒንሱ ፕሬዚዳንት ማርኮስ ከቤጂንግ ጋር ግንኙነት ሊጀምር ሲል ዜግነት የማግኛውን መንገድ አቀለለ። ብዙ ቺኖይ ያኔ ዜጋ ሆነ። ወረቀቱ ያኔ ለተስተካከለላቸው እሰየው። እስከዚያ የሞተው ሞቷል። የልደት ወረቀቱም ባለበት ቀረ።

ሕጉ ቀስ እያለ እየላላ ነው። «የብረት መጋረጃ» የሚሉት አንቀጽ አለ። ከውጭ የተወለደ ልጅ ከአባቱ ሕጋዊ ዘመዶች ያለ ኑዛዜ አይወርስም፣ እነሱም ከሱ አይወርሱም የሚል። አያቱን እንኳን መውረስ አይችልም ነበር። በታኅሣሥ 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ይህን ከፈት አደረገው። የልጅ ልጅ፣ ወላጆቹ ተጋቡም አልተጋቡም፣ አያቱን ሊወርስ ይችላል አለ። ዜናውን ለአቴ ላኩላት። አውራ ጣት ብቻ ላከችልኝ። ከዚያ ማታ ላይ ረጅም የድምፅ መልእክት መጣ። እሱን እዚህ አልናገረውም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ላሳያችሁ፣ ፊልሙን ስታዩ የሚረዳችሁ። ማኒላ ውስጥ የቻይናዎች መቃብር አለ። ጥንት ካቶሊክ ያልሆነ ሰው በካቶሊክ መካነ መቃብር መቀበር ስለማይችል የተመሠረተ ነው። ዛሬ እንደ ሰፈር ነው። መንገድ አለው። መቃብሮቹ ቤት ናቸው፤ ባለ ፎቅ አለ፣ ኩሽናና መታጠቢያ ያለው፣ አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት አለ። በኅዳር መጀመሪያ ቤተሰብ ምግብ ይዞ ሄዶ ከሙታኑ ጋር ይውላል። በቻይናዎቹ ልማድ ባል ሲሞት የሚስቱ ስምም አብሮ ድንጋዩ ላይ ሊቀረጽ ይችላል። እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ስሟ ቀይ ይቀባል። የሞተች ቀን ቀዩ ይነሳና እንደ ባሏ ስም ይሆናል።

ቀይ ስም ማለት ቦታዋ ተይዞላታል ማለት ነው። ከሱ ጎን ትተኛለች። አቴ የነገረችን ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅናት «ስንት ገንዘብ ደረሳችሁ?» ብለን ነበር። እሷ የመለሰችልን ስለ ድንጋዩ ነው። የአባቷ ድንጋይ ላይ አንድ ቀይ ስም አለ። የእናቷ አይደለም። ልጆቹ አድገው፣ ዱባይ ሠርተው፣ ለእናታቸው ሌላ ቦታ መሬት ገዝተው ቤት ሠርተውላታል። እናትየው አሁንም በየዓመቱ ኅዳር መጀመሪያ ከመሸ በኋላ፣ የመጀመሪያዋ ቤተሰብ ሲሄድ ጠብቃ፣ እዚያ ድንጋይ ጋ ሻማ ታበራለች። ቁልፉን ይዛ ነው የምትሄደው። ሱቁ ከተሸጠ ቆይቷል፤ በሩም ተቀይሯል።

ይኸው ነው። አሁን ሦስቱ ሚስቶች ሲገቡ ፊታቸውን ብቻ አትዩ። አንዷ ወረቀት ይዛለች። ሌሎቹ የያዙትን እናንተ ፈልጉት። ንግግሩ ታጋሎግና እንግሊዝኛ እየተደባለቀ ነው የሚሄደው፤ ጽሑፉ ካመለጣችሁ እጃችሁን አውጡ፣ አቆምላችኋለሁ። አቴ እንደዚያ ነበር የምታደርግልን።

መብራቱን የምታጠፉልኝ እባካችሁ።